አርባ ቀን ያለ ጠብታ

ጥቅምት 3

ለምወድህ አጎቴ፣

ይህ ደብዳቤ ወገብህ ቀንቶ፣ ዓይንህ ጥርት ብሎ፣ ሳልህም ልጓም ገብቶለት ያግኝህ። እኔ ደህና ነኝ። ክፍሌ ጠባብ ናት፤ አልጋዬ ላይ እንደተቀመጥኩ በሩን በእግሬ መክፈት እችላለሁ። ይሄንን እንደ ምቾት ቁጠርልኝ።

ጋሼ፣ ባለፈው «ለመሆኑ ምን ሠርተህ ነው የምትበላው?» ብለህ ጠይቀኸኝ ሳልመልስልህ ቀረሁ። ሲነገር የሚያስቅ ሥራ ስለሆነ ነው። የምሠራበት ሕንፃ ውስጥ ግድግዳው በብረት የተለበጠ አንድ ትልቅ ክፍል አለ። ከውጭ ቆሜ ቁልፍ እጫናለሁ፣ ውስጡ ይዘንባል። ሌላ ቁልፍ እጫናለሁ፣ ፀሐይ ይወጣል። መብራት ነው፤ ግን ቆዳ ይልጣል። ሰዎች ቀለም፣ የጣሪያ ቆርቆሮ፣ ድንኳን፣ ጫማ ሳይቀር ያመጡልናል። እኛም በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ የአንድ ዓመት ብርድና ሙቀት እናወርድበትና ምን እንደተረፈው ጽፈን እንመልስላቸዋለን። የሰው ዕቃ እያበላሸህ ደመወዝ ትበላለህ ብትለኝ አልቆጣም።

አሁን አለቃችን አንድ ነገር አመጣች። «አሮጊቷ» ነው የምንላት፤ ፊት ለፊት ግን ማንም አይላትም። ሕንፃው በመጋቢት ለጎብኚ ይከፈታል። ቁልፍ የምንጫን ስድስት ሰዎች ነን፤ እያንዳንዳችን የትም አገር የሌለ፣ ከሁሉ የተሻለ የአየር ጠባይ ከነወቅቶቹ ነድፈን እንድናመጣ አዘዘች። የመረጠችው ክፍሉ ውስጥ ለጎብኚ ይታያል፤ የነደፈውም የፈረቃ ኃላፊ ይሆናል።

እኔ ቁልፍ መጫን እንጂ ዓመት መፍጠር አላውቅም። አንተ ግን ማንም ሳያስተምርህ ብስክሌቱንም ሬዲዮውንም ፈትተህ የምትገጥም ሰው ነህ። እስቲ ዓመትንም ፈታታልኝ።

እትዬ አጣቢዋንና ጃንጥላ ጠጋኙን ሰላም በልልኝ።

የእህትህ ልጅ


ጥቅምት 28

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለጭቃው፣

ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። የእሱን ሥራ እየተሻማህበት ስለሆነ ግን ከዚህ በላይ አልለምንልህም።

ደብዳቤህን የጥገና ሱቄ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አንዳንዱ ሰው «ለምን ስልክ አይደውልም?» ይለኛል። ስልክ ለአንድ ጆሮ ነው፤ ደብዳቤ ሱቅ ሙሉ ሰው ያጠግባል። ደግሞም የኔ ስልክ ካንተ ዘንድ ይቀበላል እንጂ ወዳንተ መደወል አይችልም፤ ጠባዩ እንደ አንዳንድ ዘመድ ነው።

ዓመቱን ጀመርንልህ። እኔ «ዝናብ ሌሊት ብቻ ይዝነብ፤ ሰው ይተኛ፣ ምድር ትጠጣ» አልኩ። አጣቢዋ ባልዲዋን ቁጭ አድርጋ «የኔ ገመድ ሌሊት ባዶ ነው ያለህ ማነው?» አለችኝ። ጃንጥላ ጠጋኙ ደግሞ በጣም ከፋው። «ሰው ጃንጥላ ዘርግቶ ይተኛል ወይ? አንተ እኔን ልትገድለኝ ነው» አለ። ስንጨቃጨቅ ውለን ዝናብ በየቀኑ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት እንዲዘንብ ተስማማን። አጣቢዋ ገመዷን ታነሣለች፣ እሱም እንጀራውን ያገኛል፣ እኔም በዚያች ሰዓት ሰው ሱቄ ውስጥ ስለሚጠለል ወሬ አገኛለሁ። ይህን ወቅት መዝነቢያ በለው። ቀጥሎ መንፈሻ ይምጣ፤ አቧራ የሌለው ነፋስ፣ ባርኔጣ የማይወስድ። ሌላው ማረፊያ ይሁን፤ ፀሐይም ዝናብም የለበትም፣ የተጣላ ሰው የሚበርድበት። አራተኛው ገና ያጣላናል።

አባትህም መጥቶ ነበር። ብስክሌቱን እየገፋ ገብቶ «የኋላው ጎማ ንፋስ ያንሰዋል» አለኝ። ብጫነው ድንጋይ ነው። «ሞልቷል እኮ» ብለው «እስቲ ጨምርበት» አለ። ደብዳቤህ እስኪያልቅ ድረስ ያንኑ ንፋስ ሳስወጣና ሳስገባ ቆየሁ። ሰፈሩ «ውሃልኩ» የሚለው በከንቱ አይደለም፤ ሰውየው እንደ ጡቡ ቀጥ እንዳለ መጣ፣ ቀጥ እንዳለ ሄደ፣ ስላንተ አልጠየቀም።

እሱም ቢሆን ጭንቅ ላይ ነው። ለአዲሱ ጤና ጣቢያ አሥራ ሁለት ሺህ ጡብ ተዋውሏል። የግቢው ባለቤት «ይሄን ትእዛዝ እስከ መጋቢት መጨረሻ ካላስረከብክ ግቢውን ለእንጨት ነጋዴ አከራየዋለሁ» ብሎታል። አርባ ዓመት ጭቃ ያቦካበት ግቢ ነው፤ ከዚያ ቢወጣ የት ቆሞ እንደሚውል እኔ አላውቅም።

አጎትህ


ኅዳር 20

ለማከብርህ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ከነሙሉ ጤናህ ያግኝህ፤ የሱቅህ ሸንጎም አይበተንብህ።

መዝነቢያን ክፍሉ ውስጥ ሞከርኩት። በምሳ ሰዓት አንድ አሮጌ የእንጨት ወንበር አስገብቼ አንድ ሰዓት አዘነብኩበት። የኛ ዝናብ ዝገት ዝገት ይሸታል፤ ለጎብኚ ቀን ቧንቧው ይታጠባል ብለውኛል። ጓደኞቼም የየራሳቸውን አምጥተዋል። አንዱ ሁልጊዜ አመሻሽ የሆነ ዓመት ሠርቷል። ሌላዋ በዓመት አንድ ቀን ብቻ በረዶ የሚወርድበት ነደፈች፤ የዚያን ቀን ሥራ የለም።

አሮጊቷ ሁሉንም አይታ ወረቀቱን ገፋችው። «ይሄ የማንም ዓመት አይደለም» አለች። «ለሁሉ የሚመች አየር ማንንም አይመችም። አንድ ሰው ምረጡ። የማን ዓመት እንደሆነ ንገሩኝ።»

ሳስብ ከረምኩ። ጋሼ፣ ጡብ ሠሪ መረጥኩ።

ስለዚህ አራተኛው ወቅት ማድረቂያ ይሆናል። ግን አሮጊቷ በግምት የሚሠራ ሰው አትወድም፤ ትክክለኛውን ቁጥር ንገረኝ። ጥሬው ጡብ እንዲደርቅ ሜዳ ላይ ስንት ቀን ይሰጣል? አሁንም ሸራ ያለብሱታል? የጤና ጣቢያው ጡብ በሙሉ መሬት ላይ የሚሆነው ከስንት እስከ ስንት ነው?

እትዬ አጣቢዋን ገመዷ ይጠብቅላት በልልኝ። ጃንጥላ ጠጋኙንም።

የእህትህ ልጅ


ታኅሣሥ 12

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

እጅህ ይባረክ። አንተ ልጅ፣ በሸመገልኩበት ጊዜ ልታስለቅሰኝ ነው? «ጡብ ሠሪ መረጥኩ» የምትለው ጋ ስደርስ መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩት፤ ለነገሩ ጉም አልነበረበትም።

አባትህ የዚያን ዕለት በሩ ላይ ነበር፤ እንደለመደው የሞላ ጎማውን ይዞ። ከመጀመሪያ እንደገና አነበብኩለት። ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቄ ውስጥ ተቀመጠ። የዘይት ጣሳ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ሱሪው እስከ ዛሬ ምልክት አለበት። ከዚያ «ልጁ ዝናቡን ያዝዘዋል ወይ?» አለኝ።

«ያለ እሱ ትእዛዝ ጠብታ አይወርድም» አልኩት።

ክፍሉ ውስጥ ማለቴ ነው። «ክፍሉ ውስጥ» የሚለውን ግን ዋጥ አደረግኩት። ምን ላድርግ፣ ፊቱን ብታየው አንተም ትውጠው ነበር። ሰው ሁሉ ሳቁን አፍኖ ጣሪያ ጣሪያ አየ። አጣቢዋ ብቻ «አንተ ክፉ፣ ተወው» ብላ በእርጥብ ጨርቅ መታችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ጉዳይ ይዞ ይመጣል። አንዷ የልጇ ሠርግ ቀን ደመና እንዲሆን አመልክታለች፤ ሙሽራዋ ፊቷ ቶሎ ይቀላል አሉ። ዳቦ ጋጋሪው ሊጡ እንዲነሣ ጠዋት ጠዋት ሞቅ ይበልልኝ ብሏል። እኔም በደብተር እየመዘገብኩ ቁጥር እሰጣለሁ።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ጡቡ ሃያ አምስት ቀን ይሰጣል። ማስጣት የሚጀምረው በጥር መጨረሻ ነው። ምድጃው አንዴ ብቻ ስለሚነድ ቀድሞ የደረቀውም የመጨረሻውን እየጠበቀ እዚያው ሜዳው ላይ ይቆያል፤ የካቲት አጋማሽ ላይ አሥራ ሁለቱም ሺህ መሬት ላይ ነው። ሸራማ እንዴት አይኖር። ሌባዋን ረሳሃት እንዴ? በበጋው መሐል፣ የካቲት አሥራ አምስት ገደማ፣ ሦስት ቀን መጥታ የምትሄደው ዝናብ። ጡብ ሠሪ ሁሉ የሚስቱን ስም ቢረሳ እሷን አይረሳም።

ዓመቱን ስትጨርስ በትልልቅ ፊደል ጽፈህ ላክልኝ፤ ሱቁ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። አባትህ ማንበብ አይችልም፤ ግን ቆሞ ያየዋል።

አጎትህ


ጥር 6

ለምወድህ አጎቴ፣

ባለህበት ሰላም እደር፣ ሰላም ዋል።

ዓመቱ አለቀ። ከዚህ ጋር በትልቁ ጽፌ አያይዤዋለሁ፤ ለጡብ ሠሪ እንዲገባው ቀኖቹን በኛው ወራት አድርጌዋለሁ።

መዝነቢያ ላይ ዝናቡ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ነው፤ አፈሩን ያረጥበዋል እንጂ የጭቃውን ጉድጓድ አይሞላውም። መንፈሻ ሲመጣ ነፋሱ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ይነፍሳል፤ የምድጃው ጭስ የጎረቤት ልብስ ላይ አይሄድም፤ ይሄን ለእትዬ አጣቢዋ ብዬ ነው። ማረፊያ አጭር ነው፣ አሥራ አምስት ቀን፤ ጡብ ሠሪ ከዚያ በላይ ማረፍ አይችልበትም።

ከጥር 25 እስከ መጋቢት 4 ማድረቂያ ነው። አርባ ቀን። በእነዚህ አርባ ቀናት ውስጥ ጠብታ አይወርድም። ፀሐዩ ለስለስ ያለ ነው፤ ጡቡ ሳይሰነጠቅ ከውስጥ ወደ ውጭ ይደርቃል። ሌባዋ አትመጣም፤ እኔ ከዓመቱ አስወጥቻታለሁ። ሸራ የሚባል ነገር አያስፈልግም። በሸራ ፈንታ ለምድጃው ጥሩ ማገዶ ቢገዛ ይሻላል።

አሮጊቷ ይሄን ወቅት ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ይሄን ሰውዬ ታውቀዋለህ» አለችኝ። አውቀዋለሁ አልኳት።

ጋሼ፣ ስታነብ አትቸኩል። ከግድግዳው ራቅ ብሎ ለቆመውም እንዲሰማ ጮክ አድርገው።

እትዬ አጣቢዋንና ጃንጥላ ጠጋኙን ሰላም በልልኝ።

የእህትህ ልጅ


የካቲት 2

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ በፈጣን ፖስታ ይድረስህ። ለፖስታ እንዲህ ያለ ገንዘብ ስከፍል የመጀመሪያዬ ነው፤ ጸሐፊዋም ማን ሞተ ብላ ጠየቀችኝ።

ወረቀትህ ጥር 24 ደረሰ። እንዳልከኝ ሳልቸኩል አነበብኩት። አባትህ ማድረቂያን «ድገመው» አለኝ። ደገምኩ። «ቀኖቹን ብቻ» አለኝ። ቀኖቹን ብቻ ነገርኩት። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ወረቀቱ ፊት ቆመ፤ ግንብ እንደሚፈትሽ ሰው አንገቱን ወዲህም ወዲያም እያደረገ አየው።

በማግስቱ ማስጣት ጀመረ። ይሄ ምንም አይደለም፤ ቀኑ ነው። ትናንት ግን ሸራውን በሙሉ በጋሪ ጭኖ በሱቄ በር ሲያልፍ አየሁት።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ልሸጠው ነው። ማገዶ እገዛበታለሁ።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ደብቄ ባወራልህ ምን ዋጋ አለው፤ ጃንጥላ ጠጋኙን በክርኔ ጎሸም አድርጌዋለሁ። ቀጥሎ ግን «ኧረ ሌባዋስ?» አልኩት። ጋሪውን አቁሞ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? «ሰማዩን አርባ ዓመት አይቼዋለሁ። ልጄ ግን የጻፈልኝ ገና አሁን ነው» አለኝ። ይሄን ብሎ ጋሪውን ገፋ።

ያኔ እውነቱን ልነግረው ይገባ ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ ያ ሁሉ የሞላ ጎማ፣ ያ የዘይት ጣሳ ትዝ አለኝና ዘጋሁት። ከኔ ከሚሰማው ካንተ ቢሰማው ይሻላል። እኔ ብነግረው ቀልድ ነበር ማለት ይሆናል፤ አንተ ግን አንድ ቃል ብትጽፍ፣ «ለማንኛውም ሸራ አይጥፋ» ብትል፣ ሳያፍር ይሰማሃል። ወይም ደውል። የሱቁን ቁጥር ታውቀዋለህ። ያሰጣው ጡብ አራት ሺህ ደርሷል፤ ሸራም በዱቤ አገኝለታለሁ። የምጠብቀው ያንተን ቃል ብቻ ነው።

አጎትህ


የካቲት 21

ለእህቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥህ።

የካቲት 16 ከሰዓት በኋላ መጣች። ያንን ሳምንት ሙሉ ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ ስጠብቅህ ነበር። ጠጋኝ ነኝ፤ ሳይጮህ ሲቀር ፈትቼ ሁሉ አየሁት። ምንም አልሆነም።

የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ የሱቁን መጋረጃ ቦጭቄ ሮጥኩ። አጣቢዋ የደንበኞቿን አንሶላ ተሸክማ መጣች። ጃንጥላ ጠጋኙ ለጥገና የገቡትን ጃንጥላዎች በሙሉ አምጥቶ፣ የተሰበረውንም ሳይቀር፣ ጡቡ ላይ እየዘረጋ አስቀመጣቸው። ሠላሳ ምናምን ጃንጥላ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ብታይ ትስቅ ነበር። እኔ አልሳቅኩም።

አባትህ መሐል ላይ ቆሟል። አንሶላውን ከአጣቢዋ እጅ ወሰደና አጥፎ መለሰላት። «ተዉት፣ ልብሱ ይቆሽሻል። አሁን ያቆማል፤ ተጽፏል» አለ። እኔ ወደ እሱ ቀርቤ «ጨዋታ ነበር፤ የልጅህ ዝናብ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው የሚዘንበው» አልኩት። ዝናቡ ስለሚጮህ ያልሰማ መሰለኝና ጆሮው ላይ ጮህኩበት። ዓይኑን ከሰማዩ ሳያነሣ «እየቆጠርኩ ነው፣ አታቋርጠኝ» አለኝ። ምን እንደሚቆጥር አላውቅም።

ሦስት ቀን ዘነበ። ጡቡ መጀመሪያ ጠርዙን አጣ፣ ቀጥሎ ቅርጹን አጣ፣ በሦስተኛው ቀን ሜዳው ሁሉ አንድ ጭቃ ሆነ። ጃንጥላዎቹ ውስጡ ቆመው ቀሩ።

ሲያባራ ወደ ሱቄ መጣ። ብስክሌቱን አልያዘም። «ቀኑን ተሳስተህ አንብበኸው ይሆናል። እስቲ ድገመው» አለኝ። ከግድግዳው አንሥቼ ደገምኩለት። ጥር 25፣ መጋቢት 4፣ አርባ ቀን። አዳመጠና «ልክ ነው የተጻፈው» ብሎ ሄደ።

ደብዳቤዬ ደርሶህ ነበር ወይ? የምጠይቅህ ይሄንን ብቻ ነው።

አጎትህ


መጋቢት 18

ለአጎቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ አጣቢዋንና ጃንጥላ ጠጋኙን ስላበላሸሁባቸው ዕቃ ይቅርታ ጠይቅልኝ።

ደብዳቤህ የካቲት 12 ደርሶኛል። የሱቅህን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ። አራት ቀን ነበረኝ። በአራቱም ቀን ወደ ሥራ ገብቼ ቁልፍ ስጫን ውዬ ወጥቻለሁ። ስልክ ያለው ከመሥሪያ ቤቱ በር አጠገብ ነው፤ በየቀኑ ሁለት ጊዜ አልፌዋለሁ።

አንተ ታሪኩን ታውቀዋለህ፤ ግን ቀልድ አድርገህ ስለምታወራው አንዴ እኔ ልንገርህ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ሌባዋ ስትመጣ ለፈተና እያነበብኩ እንቅልፍ ጥሎኝ ነበርና ሸራውን አላለበስኩም። ስምንት መቶ ጡብ ሟሟ። አልመታኝም። ያቺን ውሃልክ መለኪያውን አምጥቶ ትከሻዬ ላይ አስቀመጣት፤ ውሃዋ ወደ አንድ ወገን ስትሄድ አሳየኝና «ጠማማ ነህ» አለኝ። ከዚያ ያንን ጭቃ መልሼ በባዶ እግሬ እንዳቦካ አደረገኝ። ሠላሳ አንድ ቀን። ሃያ ሦስተኛው ቀን ፈተናው ነበር። እናቴ ዩኒፎርሜን አጥባ አጥሩ ላይ ሰቀለችው፤ ሊለቀኝ ነው ብዬ ተስፋ አደረግኩ። መጥቶ አወረደውና የጡቡን ቅርጽ ማውጫ ጠረገበት። ጓደኞቼ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ እኔ እስከ ጉልበቴ ድረስ ጭቃ ውስጥ ነበርኩ።

አንተም መጣህ፣ ጋሼ። አጥሩ ላይ ተደግፈህ «ኧረ ጭቃው፣ ደህና ቦክተሃል?» አልክ። ሁሉም ሳቀ። እናቴም ሳቀች፤ የምታደርገው ቢጠፋት ነው። እስክሄድ ድረስ ስሜ ያ ሆነ፤ አሁንም ደብዳቤ ላይ ትጽፈዋለህ። ስለዚህ እኔ የጻፍኩትን አንተ ጮክ ብለህ እንደምታነብ፣ «ክፍሉ ውስጥ» የሚለውንም እንደምትውጠው አውቅ ነበር። በሌላ ሰው ይህ ሥራ አይሠራም።

አሮጊቷ የኔን ዓመት መርጣለች። በጎብኚ ቀን ሰው ሁሉ ማድረቂያ ላይ ሲደርስ ካፖርቱን አወለቀ፤ ልጆች ወለሉ ላይ ተኙ። አንድ ሽማግሌ «ይሄን የነደፈው ሰው ደግ ነው» አለ። የፈረቃ ኃላፊ ሆኛለሁ።

ይሄኛውንም ጮክ ብለህ አንብበው።

የእህትህ ልጅ


ሚያዝያ 9

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ስላንተም ስለኔም የጻፍከው ልክ ነው። ለራሴ ብዙ መልስ አሰናድቼ ነበር፤ ሁሉም ቀልድ ቀልድ ሸተተኝና ተውኩት።

አነበብኩለት። ሱቅ ውስጥ አይደለም፤ ሱቁን ዘግቼ ግቢው ድረስ ሄጄ ነው። ከጭቃው ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ስጨርስ «ዩኒፎርሙን መጥረጊያ ማድረጌ እውነት ነው» አለ። ቆይቶ ደግሞ «ሃያ ሦስተኛው አይደለም፣ ሃያ አራተኛው ቀን ነው» አለ። ሌላ የሚያርመው ነገር አላገኘም።

የሚያለቅስ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ። እሱ ግን ሒሳብ ይዟል። «እኔ ፈተናውን ወሰድኩበት፣ እሱ ትእዛዙን ወሰደብኝ። ተካክለናል። ካሁን በኋላ የሚጽፈው ልክ ይሆናል» አለኝ። የሰውየውን ጭንቅላት ታውቀዋለህ፤ ሁለቱ ጫፍ እኩል ከሆነ ነገሩ ቀጥ ብሏል ማለት ነው።

ጤና ጣቢያው እስከ ሰኔ ታግሶታል፤ የግቢው ባለቤትም በዚያው ተስማማ። ከዚያ ወዲያ ክረምት ስለሚገባ ማስጣት የለም። ጭቃውን መልሶ ብቻውን አቡክቷል። ማውጫውንም አጥቧል። ግን አያሰጣም። «ጠይቀው፤ መቼ ላስጣ? በሚለው ቀን አሰጣለሁ። ሸራ የለኝም፣ አልገዛምም» ይላል።

ከአርባ ዓመት በላይ ይሄን ሥራ ሠርቷል፤ ሰማዩን አይቶ ማስጣት እንደሚችል አንተም እኔም እናውቃለን። ብነግረው አይሰማኝም። አንድ ቀን ጻፍ። የፈለግከውን ቀን።

አጎትህ


ግንቦት 11

ለእህቴ ልጅ፣

ጤናህን እመኛለሁ። ያለፈውን የላክሁት በፈጣን ፖስታ ነበር፤ አንድ ወር አለፈ፣ አልጻፍክም። ፖስታ ቤቱ በር ላይ በየጠዋቱ ሁለታችን እንቆማለን፤ እሱ ከመንገዱ ማዶ፣ የሚያልፍ ሰው መስሎ።

በዚህ አንድ ወር ውስጥ ሃያ ስድስት ደረቅ ቀን ቆጠርኩ። ሰማዩ ሲነጋ ጥርት፣ ሲመሽ ጥርት። አንተ የነደፍከው ማድረቂያ ከነለስላሳ ፀሐዩ መጥቶ ግቢው ላይ ቆሟል፤ እሱ ግን አንድ ጡብ አላወጣም። የእንጨት ነጋዴው ሁለት ጊዜ መጥቶ ግቢውን በእርምጃ ለክቷል።

ትናንት መታገስ ስላልቻልኩ ያደረግኩትን ልንገርህ። ያንተን ወረቀት የመሰለ ወረቀት ፈለግኩ። ያንተኑ አጻጻፍ አስመስዬ አንድ ገጽ ጻፍኩና ፖስታ ውስጥ ከትቼ፣ ባሮጌ ቴምብር አሽጌ፣ እየሮጥኩ ግቢው ገባሁ። እያለከለክሁ ከፈትኩት። ለዚህ ብቃት ያለው ሰው በሰፈሩ ቢፈለግ እኔ ነኝ። «ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ ደህና ነኝ። ነገ ጠዋት ማስጣት ጀምር፤ ሃያ አምስት ቀን አይዘንብም» ብዬ አነበብኩለት።

እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ እጄን በቀስታ ያዝ አደረገና ወረቀቱን አጥፎ ኪሴ ውስጥ መልሶ አስገባልኝ።

«ይሄ ያንተ ነው» አለኝ። «ልጄ እኔን ሰላም ብሎ አያውቅም።»

ተነሥቶም ጭቃው እንዳይደርቅ ውሃ ይረጭበት ጀመር።

አጎትህ